ከግድግዳው ውጭ የተሰቀለው ሳጥን

በሆሳዕና ከአስፋልቱ ዳር ወደ ውስጥ ሰፈሮች ገባ ብሎ የመኖሪያ ግቢዎችን ለሚመለከት ሰው፣ ከቆርቆሮው አጥርና ከላሜራው በር ቀጥሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው ነገር በውጭ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የመብራት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ቆጣሪውን ብቻ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ የቤቱን ብሬከሮችም አቅፎ ይገኛል። አንዳንዱ ከላሜራ ተበይዶ የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ ለቤት ውስጥ የታሰበ ስስ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከጣውላ ተገጣጥሞ ከላዩ ቁራጭ ቆርቆሮ ተደፍቶበታል። ክረምት ሲገባ ፌስታል የሚለብስም አይጠፋም። በዱራሜ፣ በአንጋጫ፣ በሺንሺቾ፣ በሾኔም ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይለይም።

ይህ ሳጥን የሳይንስ መጽሔት ርእሰ ጉዳይ መሆኑ የሚያስገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁንና በአሥረኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት የኦም ሕግ፣ የሙቀት መስፋፋት፣ የእንፋሎት መጠጠር፣ የአልትራቫዮሌት ጨረር ሁሉ በዚች ግማሽ ሜትር በማትሞላ ሣጥን ውስጥ በአንድነት ይሠራሉ፤ ሲሳሳቱባቸውም ሰው ይገድላሉ። የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። ሳጥኑ ውጭ መሰቀሉ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ለውስጥ የታሰበውን ዕቃ ሳይለውጡ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ከዚህም የሚብሰው ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ሊኖር ሲገባው የማይገኝ አንድ ዕቃ መኖሩ ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እመጣለሁ።

ሳጥኑ ለምን ውጭ ወጣ ቢባል በቂ ምክንያት አለው። ቆጣሪ ቤተሰቡ ባይኖርም መታየት መቻል አለበት። በ2006 ዓ.ም. ለሁለት የተከፈለው፣ ሕዝቡ ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» እያለ የሚጠራው ድርጅት ከምሰሶ ወደ ቤት የሚስበው ገመድ የሚያርፈው በውጭ ግድግዳ ላይ ነውና ብሬከሩ እዚያው ቢሆን ገመድ ይቆጥባል። ሁለተኛው ምክንያት በይበልጥ ያሳምነኛል። በከተሞቻችን ያሉት ብዙዎቹ ቤቶች ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው፤ ኮርኒሳቸው አቡጀዴ ወይም የተሰፋ ማዳበሪያ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከብሬከር ሳጥን የሚፈናጠር አንድ ፍንጣሪ ምን ሊያደርስ እንደሚችል መናገር አያስፈልግም። ይህ ሥጋት የእኛ ብቻም አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከፕላስቲክ ማከፋፈያ ሳጥኖች የሚነሣ ቃጠሎ ስላሳሰባቸው፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2016 ጀምሮ በመኖሪያ ቤት የሚተከል ሳጥን ከማይቀጣጠል ቁስ እንዲሠራ ወይም በማይቀጣጠል ነገር ውስጥ እንዲቀመጥ የሽቦ ዝርጋታ ደንባቸው አዝዟል። እኛ ሳጥኑን ከቤት በማውጣታችን ይህን ችግር በከፊል አቃልለነዋል፤ በምትኩ ግን ዝናብን፣ ፀሐይንና የሰው እጅን ጋብዘናል።

ዝናብና ላብ

የኤሌክትሪክ ሳጥን ከአቧራና ከውኃ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚገለጸው በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ ቁጥር 60529 መሠረት «አይፒ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚጻፉ ሁለት አኃዞች ነው። የመጀመሪያው አኃዝ ጠጣር ነገር እንዳይገባ፣ ሁለተኛው ውኃ እንዳይገባ የተደረገውን ጥበቃ ያመለክታል። አይፒ 20 የተባለው ሳጥን ጣት አያስገባም፤ ለውኃ ግን ዜሮ ነው፤ ማለትም ምንም ጥበቃ የለውም። አይፒ 44 ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን ይቋቋማል። አይፒ 65 አቧራ ጨርሶ የማያስገባ፣ ከቱቦ በግፊት የሚወረወር ውኃንም የሚችል ነው። ስለዚህ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ለሚሰቀል ሳጥን ቢያንስ 44 ወይም 54፣ ለዝናብ ተጋልጦ ለሚኖረው ደግሞ 65 መምረጥ ተገቢ ነው። ሱቅ ሲገባ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት እነዚህን ሁለት አኃዞች ማንበብ ከባድ ሥራ አይደለም።

ነገር ግን በሳጥኑ ላይ የታተመው አኃዝ የሚጸናው ሳጥኑ ሳይበሳ ነው። ከፋብሪካ 65 ሆኖ የወጣ ሳጥን ከላይ በኩል በመሰርሰሪያ ተበስቶ ገመድ ሲገባበት፣ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አኃዙ ጌጥ ብቻ ነው። ውኃ ገመዱን እንደ መንገድ ይጠቀምበታል፤ ከምሰሶው ጀምሮ በገመዱ ጀርባ ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ ቀጥታ ብሬከሩ ራስ ላይ ይንጠባጠባል። መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። ገመዱ ሳጥኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ከመግቢያው ዝቅ ብሎ እንደ አንገት ሐብል ይንጠልጠልና ከታች ወደ ላይ ይግባ፤ ውኃውም ከሐብሉ ጫፍ ወደ መሬት ይወርዳል። የመግቢያው ቀዳዳ ገመዱን አንቆ በሚይዝ የላስቲክ መግቢያ ይዘጋ። ይህን የሚያውቁ ኤሌክትሪሺያኖች በከተማችን አሉ፤ የማያደርጉትም ሰነፎች ስለሆኑ ሳይሆን የቤቱ ባለቤት «ቶሎ በል፣ መብራቱን ስጠኝ» እያለ ስለሚያጣድፋቸው ይመስለኛል።

አንድ የሚዘነጋ ነገርም አለ። ፍጹም የታሸገ ሳጥንም ቢሆን ከውስጡ ያልባል። ቀን ላይ በውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይስፋፋል፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይወጣል። ማታ ይቀዘቅዛል፣ ይሰበሰባል፣ ከውጭም እርጥብ አየር ይስባል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በእንፋሎት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ትንሽ በለጥ ያለ ብቻ ነው የሚችለው። ቁመቱ 40፣ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 18 ሊትር አየር ይይዛል። አንባቢ ራሱ ቢያሰላው፣ በክረምት ቀን ከጠገበ አየር ተነሥቶ ሌሊቱ 10 ዲግሪ ሲደርስ ከአንድ ግራም አሥረኛ በለጥ ያለ ውኃ፣ ማለትም ሦስት ጠብታ ያህል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይጠጥራል። በአንድ ሌሊት ሦስት ጠብታ ምንም ላይመስል ይችላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ሌሊቶች ግን ብዙ ናቸው። ስለዚህም ከሳጥኑ በታችኛው ጫፍ አንዲት ትንሽ የማንጠፊያ ቀዳዳ መተው፣ ጉንዳንና ተርብ እንዳይገባባትም በወንፊት መሸፈን ሳጥኑን ሁሉ በሲሊኮን ከመለሰን ይሻላል።

ይህ እርጥበት በመጀመሪያ የሚያጠቃው የሽቦዎቹን መገናኛ ነው። ከምሰሶ የሚመጣው ገመድ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም፣ የቤቱ ሽቦ ደግሞ መዳብ ነው። ሁለቱን ብረቶች ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል በእርጥብ አየር ውስጥ ትንሽ ባትሪ እንደ መሥራት ይቆጠራል፤ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል፣ የመገናኛው ሬዚስታንስ ይጨምራል። ሬዚስታንሱ አንድ አሥረኛ ኦም ቢደርስና 16 አምፒር ቢያልፍበት፣ የዥረቱ ስኩዌር በሬዚስታንሱ ሲባዛ ከ25 ዋት በላይ ሙቀት በአንዲት ነጥብ ላይ ይወጣል። ይህ የአንድ ትንሽ የብየዳ ካውያ ኃይል ነው። ለሁለቱ ብረቶች የተሠራ ማገናኛ በገበያ አለ፤ እርሱን መጠቀም ነው።

ፀሐይና ከፍታ

ሆሳዕናና ዱራሜ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብለው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። አንባቢን ሊያስደንቅ የሚችለው ግን የቤት ብሬከሮች ዓለም አቀፍ ደረጃ (ቁጥር 60898) መደበኛ የአገልግሎት ሁኔታ ብሎ የሚያስቀምጠው ከፍታ ከ2,000 ሜትር የማይበልጠውን መሆኑ ነው። በሌላ አነጋገር የአዲስ አበባንም ጨምሮ የደጋው ከተሞቻችን ነዋሪ ሁሉ ብሬከሩን የሚጠቀመው ደረጃውን ያወጡት ሰዎች ከገመቱት ከፍታ በላይ ነው። በ2,200 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ያህል ያነሰ ስለሆነ ሙቀት ለማራቅም፣ በብሬከሩ ውስጥ የሚነሣውን ብልጭታ ለማፈንም አቅሙ ትንሽ ይቀንሳል። በእኛ ከፍታ ልዩነቱ አነስተኛ ነውና ለድንጋጤ አያበቃም። ሆኖም ሳጥኑን ከሌላው ጭንቅ ማዳን እንደሚገባን ያስታውሰናል።

ሌላው ጭንቅ ፀሐይ ናት። በብሬከር ውስጥ ሙቀት ሲበዛበት የሚቆርጠው ክፍል በሙቀት እኩል የማይስፋፉ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው የተሠራ ቅጠል ነው። ዥረት ሲበዛ ቅጠሉ ይሞቃል፣ ይጎብጣል፣ መቆለፊያውን ይነካል። ቅጠሉ የተቃኘው ግን በዙሪያው 30 ዲግሪ ሙቀት እንዳለ ታስቦ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲወቅጠው የዋለ ጥቁር ቀለም የተቀባ የላሜራ ሳጥን ከዚህ እጅግ አልፎ ሊግል ይችላል፤ ያን ጊዜ ቅጠሉ ግማሽ ጉብጠቱን ከፀሐይ ይወስዳል፣ ብሬከሩም ያለ በቂ ምክንያት ይቆርጣል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው። እናት እንጀራ እየጋገሩ ሳለ መብራቱ ሦስት ጊዜ ይቆረጣል፤ ሠራተኛ ይጠራል፤ ሠራተኛውም 16 አምፒሩን አውጥቶ 32 ይተክላል። መቆራረጡ ቀርቶ ሁሉም ደስ ይለዋል። በግድግዳው ውስጥ ያለው 2.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ሽቦ ግን አልተለወጠም፤ ከአሁን ጀምሮ የሚጠብቀው የለም። ብሬከር የሚመረጠው ለሽቦው እንጂ ለምጣዱ አለመሆኑን ያልተረዳ ቤት፣ ሳጥኑ ምንም ያማረ ቢሆን አደጋ ላይ ነው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት ይህ 16 አምፒር ነው። ስለዚህም ለምጣድ ለብቻው ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ሽቦ መዘርጋት፣ ለዚያም የሚመጥን ብሬከር መስጠት ይገባል።

ለመሆኑ ሳጥኑ በየትኛው ግድግዳ ላይ ይሰቀል? ጂኦግራፊ ይመልስልናል። ሆሳዕና ከምድር ወገብ በስተሰሜን በሰባት ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ትገኛለች። ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን አዘንብላ የምትታየው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሲሆን፣ ከዚህ ጊዜ አብዛኛው ደመናማ ነው። ሰማዩ ጥርት በሚልበት በበጋው ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት። እንግዲህ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለ የሰሜን ግድግዳ ቀዝቃዛው ግድግዳ ነው፤ ምሥራቁም ይሆናል፤ ምዕራቡና ደቡቡ ግን ካልቸገረ በቀር አይመረጡም። ሳጥኑ ነጭ ወይም ፈዛዛ ግራጫ ቢሆን ይመረጣል። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ለቤት ውስጥ የተሠራ ፕላስቲክ በእኛ ፀሐይ ሥር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ደረቅ ኮባ ይፈረፈራል።

መሬት የተቀበረው ዘንግ ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በከተሞቻችን ሰው የሚሞተው ሳጥኑን ከፍቶ ሽቦ በመንካት ብቻ አይደለም። የተላጠ ሽቦ የላሜራውን ሳጥን ይነካል፤ ሳጥኑ ከቆርቆሮው አጥር ጋር ተያይዟል፤ አጥሩ ሃያና ሠላሳ ሜትር ይሄዳል። ልብስ ልታሰጣ የወጣች ልጅ በእርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሯ ቆማ አጥሩን ትይዛለች። የሰውነት ሬዚስታንስ እንደ ሁኔታው ቢለያይም በእርጥበት ጊዜ 1,000 ኦም ያህል ነው ብንል፣ 220 ቮልት ሲካፈል ለ1,000፣ 0.22 አምፒር ይሆናል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል በፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ልኬት፣ ሰው የጨበጠውን ሽቦ በራሱ ፈቃድ መልቀቅ የሚያቅተው በአማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊ አምፒር ላይ ሆኖ አግኝተውታል። የእኛ ልጅ የተያዘችው በ220 ሚሊ አምፒር ነው። 16 አምፒሩ ብሬከር ደግሞ ይህን ዥረት ከአንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ጋር አይለየውም።

«እንግዲያውስ ኧርዝ እንቅበር» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም፤ ይህን ብዙ የተማረ ሰው እንኳ አያውቀውም። ሁለት ሜትር የሚሆን ዘንግ በተራ አፈር ውስጥ ቢቀበር ሬዚስታንሱ 50 ኦም ያህል ይሆናል እንበል። በትራንስፎርመሩ ዘንድ ያለው የመሬት ግንኙነት ደግሞ 5 ኦም ይሁን። የተላጠው ሽቦ ሳጥኑን ሲነካ ዥረቱ በዘንጉ ወደ መሬት፣ ከመሬትም ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል፤ መንገዱ 55 ኦም ስለሆነ ዥረቱ 220 ሲካፈል ለ55፣ ልክ 4 አምፒር ነው። 16 አምፒር ብሬከር 4 አምፒርን ዓመቱን ሙሉ ተሸክሞ ይኖራል እንጂ አይቆርጥም። በዚያን ጊዜ በሳጥኑና በአጥሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ስንት ነው? 4 ሲባዛ በ50፣ 200 ቮልት። ባለቤቱ ኧርዝ ቀብሮ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ አእምሮውንም አሳርፎ፣ አጥሩ ላይ የቀነሰው 20 ቮልት ብቻ ነው። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ የዘንጉ ሬዚስታንስ ስለሚጨምር እርሱም ያንሳል።

ከሳጥኖቻችን ውስጥ የጎደለው ዕቃ እንግዲህ እዚህ ይመጣል። ይህ ዕቃ አርሲዲ ይባላል፤ በአማርኛ «ፍሳሽ ለይ ብሬከር» ብንለው ያስኬዳል። አሠራሩ በቅንነቱ የሚያስደስት ነው። በፌዝ የሚሄደው ዥረትና በኒውትራል የሚመለሰው ዥረት በአንድ የማግኔት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ የሚፈጥሩት የማግኔት መስክ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ቀለበቱ ዝም ይላል። ከሄደው ጥቂት በሌላ መንገድ፣ በሰው ወይም በአጥር፣ ከፈሰሰ ግን የሚመለሰው ይጎድላልና ቀለበቱ ላይ መስክ ይፈጠራል፤ ያ መስክ መቁረጫውን ይለቅቃል። ለቤት የሚሆነው 30 ሚሊ አምፒር ልዩነት ላይ የሚቆርጠው ነው። በምሳሌያችን የነበረው 4 አምፒር ሲፈስ በሰከንድ 4 መቶኛ ጊዜ ውስጥ ያቋርጣል። ከዚህ በኋላ የ50 ኦሙ ዘንግ በቂ ብቻ ሳይሆን የተትረፈረፈ ነው፤ 30 ሚሊ አምፒር በ50 ኦም ላይ የሚያስነሣው ቮልቴጅ 1.5 ብቻ ነውና። ዘንጉ ያለ አርሲዲ የውሸት መጽናኛ ነው፤ አርሲዲውም ያለ ዘንግ አደጋውን የሚያውቀው ሰው ከተያዘ በኋላ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ማንም ሳይነካው፣ ሽቦው ሳጥኑን በነካበት ቅጽበት መብራቱ ይጠፋል።

አንዳንድ ሠራተኞች ዘንግ ለመቅበር ሲሰንፉ የኧርዙን ሽቦ ሳጥኑ ውስጥ ከኒውትራል ጋር ያገናኙታል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ነፋስ ጥሎት የነበረ መስመር ተጠግኖ ሲመለስ ፌዝና ኒውትራል ቢቀያየሩ፣ ወይም ኒውትራሉ ምሰሶው ላይ ቢበጠስ፣ በግቢው ያለ ኧርዝ የተደረገ ብረት ሁሉ በአንድ ጊዜ 220 ቮልት ይሸከማል፤ መገናኛው ከአርሲዲው በፊት ከሆነ ደግሞ አርሲዲው ጨርሶ አያየውም። ለዚሁ ዓይነት መቀያየር ሲባል የሳጥኑ ዋና ማቋረጫ ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ፣ ባለ ሁለት ዋልታ መሆን አለበት። አንዱን ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ «አጥፍቼዋለሁ» የተባለው ቤት በሕይወት ሊቆይ ይችላል።

ከላሜራና ከፕላስቲክ የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄም መልሱ ከዚህ ይወጣል። በእንግሊዞቹ ሁኔታ፣ ማለትም በቤት ውስጥ፣ ብረት ተመራጭ ሆነ። ከቤት ውጭ፣ በእንጨት ላይ ሳይሆን በብሎኬት ወይም በተለሰነ ግድግዳ ላይ፣ ሰው በእርጥብ እጁ በሚነካው ቦታ ለሚሰቀል ሳጥን ግን እኔ ለውጭ ተብሎ የተሠራ ወፍራም ፕላስቲክን እመርጣለሁ። ከቆጣሪው እስከ አርሲዲው ያለውን ሽቦ የሚጠብቅ አርሲዲ የለምና፣ እዚያ ላይ ሽቦ ቢላጥ ላሜራው እንደ ምሳሌያችን 200 ቮልት ይሸከማል፤ ፕላስቲኩ ግን ምንም አይሸከምም።

ምጣዱ ይይዛል

የአርሲዲ ትልቁ ጠላት፣ የሚያስገርም ቢሆንም፣ የእንጀራ ምጣድ ነው። የምጣዱ የማሞቂያ ሽቦ በሸክላው ሥር በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሸክላው እርጥበት ይጠጣል፤ በክረምት ለሳምንት ሳይጋገርበት የቆየ ምጣድ ሲሰካ በእርጥቡ ሸክላ በኩል ወደ ብረት ገላው ዥረት ያፈሳል። እናቶቻችን ይህን ያውቁታል። «ምጣዱ ይይዛል» ይላሉ፤ ለዚህም ሲሉ ሲጋግሩ ጣውላ ላይ ይቆማሉ፣ የላስቲክ ጫማ ያደርጋሉ፣ ክዳኑን በጨርቅ ይይዛሉ። ዘይቤው ብልህ ነው፤ ነገር ግን ጣውላውም ይረጥባል፣ ጨርቁም ይረጥባል፤ እንጀራ ወይም ቆጮ የሚጋግር ሰው ደግሞ እጁ ደረቅ ሆኖ አያውቅም።

አርሲዲ በተተከለበት ቤት ይህ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ወዲያው ይጠፋል። ሠራተኛ ይጠራል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድም «ይቺ ዕቃ ናት የምታስቸግረው» የሚል ሆኖ አርሲዲው ይወጣል። ዕቃዋ ግን የምትናገረው እውነት ነው፤ በምጣዱ ገላ ላይ ሰው ሊይዝ የሚችል ዥረት አለ ነው የምትለው። ለምጣዱ ለብቻው መስመርና ለብቻው አርሲዲ ቢሰጠው የቀረው ቤት ሳይጨልም ችግሩ ምጣዱ ዘንድ ተወስኖ ይቀራል። ምጣዱ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ከመጋገሩ በፊት ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ብረት ገላውም ከኧርዝ ጋር ይያያዝ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚቆርጥ ከሆነ ምጣዱ መጠገን አለበት ማለት ነው።

«ልጄ፣ ሃያ ዓመት እንዲሁ ኖረናል» የሚል መልስ ከአንድ የቤት ባለቤት አዛውንት ሰምቻለሁ። ላለመመለስ የሚያስቸግር አነጋገር ነው፤ ሽማግሌ ነዋ። ነገር ግን ለግቢ በር የአንበሳ ቅርጽ የተበየደበት ላሜራ የሚያሠራ ቤተሰብ ለአንድ አርሲዲ ገንዘብ አጣ ብሎ ማመን ይከብደኛል። በሩ ለመንገደኛ ይታያል፤ አርሲዲው አይታይም፤ ልዩነቱ ይኸው ይመስለኛል።

ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቹ የራሳቸው ቤት የላቸውም። ከገጠር ቀበሌ ወጥተው፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ እያመላለሱ፣ በከተማ አንዲት የሰርቪስ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ አራትና አምስት ክፍሎች በአንድ ቆጣሪ ይገለገላሉ፤ ሳጥኑ ውጭ ነው፤ ሳጥኑም ተቆልፏል፤ ቁልፉ አከራይ ዘንድ ነው። አከራይዋ ለመቆለፍ ምክንያት አላቸው፤ ሕፃናት አሉ፣ ሌባም አለ፣ ተከራዩም ስቶቭ እያነደደ የመብራት ሂሳቡን ያንራል። ነገር ግን ከክፍሎቹ በአንዱ ሰው ኤሌክትሪክ ቢይዘው ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቢመጣ፣ አከራይዋ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገበያ ቢሆኑ፣ ማን ያጠፋዋል? የተያዘውን ሰው በእጅ መጎተት ጎታቹንም ማስያዝ ነውና ዋናውን ማቋረጫ ማጥፋት የመጀመሪያው እርዳታ ነው። ቁልፍ ፍለጋ የሚባክነው ደቂቃ ደግሞ የልብ ደቂቃ ነው።

በዚህ ረገድ ሳጥኑ በሁለት ቢከፈል እመርጣለሁ። ቆጣሪውና የየክፍሉ ብሬከር ያሉበት ይቆለፍ፤ ዋናው ማቋረጫ ግን በግቢው ውስጥ፣ ሕፃን በማይደርስበት ማንኛውም አዋቂ ግን በሚደርስበት ከፍታ፣ ያለ ቁልፍ ይቀመጥ። ተከራይ ያለ ፈቃድ መብራት ያጠፋል ብለው የሚሠጉ አከራዮች አሉ። ያጠፋ ይሆናል። መልሶ ማብራት ግን አንድ ጣት ነው የሚጠይቀው።

ይህን ሁሉ ማን ይሥራ ለሚለው ከሆሳዕና ውጭ መመልከት አያስፈልግም። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በኢንጂነሪንግ የሚያስተምራቸው ወጣቶች አሉት፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም በየዓመቱ ኤሌክትሪሺያን ያስመርቃሉ። የክረምት የበጎ ፈቃድ ሥራ ሲመጣ ችግኝ መትከልና ደም መለገስ እንዳለ ሆኖ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየግቢው አሥር ደቂቃ ቢያሳልፉ ብዙ ያያሉ። ገመዱ ከላይ ነው የገባው ወይስ ከታች? ብሬከሩ ከሽቦው ጋር ይመጣጠናል? ዘንግ አለ? አጥሩና ሳጥኑ ይነካካሉ? የማይከፈተውን አይክፈቱ፤ በዓይን የሚታየው ብቻ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። በአገራችን የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታን የሚመለከት ኮድ፣ ቁጥር 10 የተባለው፣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል፤ ለማስተማሪያነት እርሱን ይዞ መውጣት ይቻላል። አዲስ ቆጣሪ ለሚጠይቅ ደንበኛ ደግሞ ዘንግና አርሲዲ መኖሩ ሳይረጋገጥ መስመሩ ባይቀጠልለት በበኩሌ አልከፋም፤ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ላይ አንድ ቀጠሮ መጨመር እንደሚያስቆጣ እያወቅሁም ቢሆን።

አርሲዲ ያለበት ቤት ለሚኖር አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዕቃው ፊት ላይ «ቲ» የተጻፈባት ትንሽ ቁልፍ አለች። እርስዋን ሲጫኑ ዕቃው ለራሱ ጥቂት ፍሳሽ ፈጥሮ ይቆርጣል። ለዓመታት ሳትነካ የቆየች አርሲዲ ውስጧ ተጣብቆ ልትቀር ስለምትችል፣ በየወሩ አንድ ጊዜ፣ የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ቀን ቢሆን ለማስታወስ ይቀላል፣ ቁልፏን ተጭኖ ማየት ይገባል። ሲጫኗት የማይጠፋ ከሆነ መብራቱ እየሠራ ነው ብሎ ሳይዘናጉ በማግሥቱ መለወጥ ነው።